አባትህ የቆረጠው ብረት

የዓይኔ ብርሃን፣ በሄድክበት ሁሉ መንገድህ ይቅና፤ ክፉ አይንካህ። ጉልበቴ ተሽሎኛል፤ እህትህም ሰላም ትልሃለች።

ሰሞኑን ስትደውል "አባትህ ተኝቷል" የምልህ ውሸቴን ነው፤ ይቅር በለኝ። አንተ በላክህለት ትንሽ ትራክተር ላይ የሚገጠም ያገለገለ አፈር መገልበጫ አግኝቶ ደስታውን አልቻለውም ነበር። ለካ የሌላ ዓይነት ትራክተር ኖሯል፤ ማያያዣው አልገጥም አለ። በያጁ ጎረቤታችን፣ "ጋሼ፣ መገልበጫውን እንቁረጥ እንጂ ትራክተሩን አይንኩት" ብሎ ለመነው። እሱ ግን "አንተ ሳትወለድ ብረት ቆርጫለሁ!" ብሎ የትራክተሩን የኋላ ማያያዣ በመጋዝ ገዘገዘው። መገልበጫው እዚያው ላይ ተበየደ፤ ከሞተሩ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ገባ። ሲያስነሳው የመገልበጫው ቢላዎች ወደ ኋላ ዞሩ፤ አፈሩን ቧጨሩት እንጂ አልገለበጡትም። ወዲያው ብየዳው ተላቀቀ። አሁን የድሮው ማረሻም የሚታሰርበት የለውም።

ጎረቤቱ ሁሉ ዘርቶ ጨረሰ፤ የእኛ ማሳ ግን አረም ብቻ ነው። እኔ "በዶማ እንጀምር" ስለው፣ "ልጄን በምን ዓይኔ ላየው?" ይለኛል። ስልኩ ሲጮህ ወደ ጓሮ ይሸሻል። እህል አይቀምስም፤ ትራክተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። የዘንድሮው ምርትስ ቀረ፤ እሱንም እንዳላጣው ፈራሁ። የምለው ሁሉ አልቆብኛል፣ ልጄ።

እባክህ፣ ስለ ትራክተሩ አትጠይቀው፤ እኔ እንደነገርኩህም አይወቅ። ድንች በስንት ጣት ጥልቀት እንደሚተከል ግን ጽፈህ ጠይቀው፤ ብታውቀውም ጠይቀው። ለአንተ መልስ ለመስጠት እንኳ አፉን ከከፈተ ይበቃኛል።

ደግ ሰው ያጋጥምህ፤ የያዝከው ሁሉ ይባረክልህ።

እናትህ