የሰሚቱ ሳር ማጨጃ ለምን አልነሳ እንዳለ

ለእህቴ ለወይዘሮ ፈለቀች፣ ሞላሌ

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እንደምንስ ከረምሽ? ብርዱ እንደ አምናው ጉልበትሽን ያዘሽ ወይስ ዘንድሮ ተወሽ? ጋሽ መኩሪያስ ዓይናቸው ተሻላቸው? ዝናቡ በጊዜው ገባላችሁ? ከብቱ፣ በጉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከነቤተሰቤ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከጉንፋን በቀር የሚያማርር የለኝም። ልጅሽ ቤዛዊትም ደህና ናት። ጽንሷ ሰባተኛ ወሩን ይዟል፤ ፊቷም ሞላ ብሏል።

ስልክሽ አልገባ ቢለኝ ነው የምጽፈው። ከዚህ የመጣ ሰው «አማችሽ ወልደጻድቅ ሌባ ተብሎ ከሥራው ተባረረ» ብሎ እንደነገረሽ ሰማሁ። ሌባ መባሉ እውነት ነው። መስረቁ ውሸት ነው። አልተባረረም፤ ሥራም አልያዘም። ግራ ቢገባሽ አልፈርድብሽም፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ወልደጻድቅ አትክልተኛ ሆኖ የሚሠራበትን ግቢ ታውቂዋለሽ። ልጅሽን ልትጠይቂ የመጣሽ ጊዜ «ይሄን ሁሉ ሳር ማን ይበላዋል?» ያልሽው ሰሚት ያለው ግቢ ነው። አሁንም ማንም አይበላውም። ያጭዱታል፣ በማዳበሪያ ይሞሉታል፣ የቆሻሻ መኪና ሲመጣ ይጥሉታል። ሳሩ ደግሞ ቢሰፋ ቢሰፋ ከእናንተ አውድማ ብዙም አይበልጥም። ወልደጻድቅ በምትገፋ ማጨጃ ጠዋት ጀምሮ ምሳ ሳይደርስ ይጨርሰው ነበር። ቅር ያለው ሰው አልነበረም።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ኤምባሲ አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ሰናይ ሄዶ አንድ ማሽን አስጭኖ መጣ። በላዩ ተቀምጠው የሚነዱት የሳር ማጨጃ ነው። አራት ጎማ፣ መሪና ወንበር አለው፤ ምላጩ ከሆዱ ሥር ይሽከረከራል። ትንሽ ትራክተር በይው። ሰናይ ቦሌ ላይ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ሳርን የሚያውቀው ሲረግጠው ብቻ ነው። «እንግዲህ ግቢያችን ደረጃውን ያዘ» አለ። ነዋሪው ተራ እየጠበቀ በማሽኑ ላይ ተቀምጦ ፎቶ ተነሳ። አንዲት ሴትዮ ሹራብ ያለበሰችውን ውሻዋን መሪው ላይ አስቀምጣ አነሳችው።

አዲስ ንብረት ሲገባ ጸበል ማስረጨት የአባት ወግ ነው፤ በዚያ አልሳለቅም። ሰናይ የነፍስ አባቱን አባ ገብረሰንበትን ጠራ። እሑድ ስለነበረ እኔም ቤዛዊትን ልጠይቅ ሄጄ ቆሜ አየሁ። አባ ጸለዩ፣ መሪውን ረጩ፣ ጎማውን ረጩ፣ የተሰበሰበውን ሰው ረጩ። አበቃ ስንል ሰናይ ጎንበስ ብሎ የቤንዚን ታንኩን ክዳን ፈታና «አባቴ፣ ውስጡም ይባረክ እንጂ» አለ። አባ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ግድ የለም ልጄ፣ ላዩ ይበቃል» አሉት። እሱ ግን የጸበሉን ጆግ ከእጃቸው ተቀብሎ የተረፈውን በሙሉ በገዛ እጁ ታንኩ ውስጥ ጨለጠው። ነዋሪው እልል አለ። አጠገቤ ለቆመው ለወልደጻድቅ «ኧረ ይሄ ሞተር ነው፣ ጋን አይደለም» ስለው «ዝም ይበሉ እንጂ ጋሼ» ብሎ በክርኑ ነካኝ። ከዚያ ምሳ ቀረበ። እኔም በላሁ።

በማግስቱ ማሽኑ አልነሳ አለ።

መጀመሪያ ሰናይ ከጎኑ ቆሞ ቁልፉን ሲያዞር ጭራሽ ድምፅ የለውም። ባትሪው ሞቷል ተባለና ባትሪ ተቀየረ። አሁንም ድምፅ የለም። ለካ ማሽኑ ሰው ካልተቀመጠበት አይነሳም፤ ነጂው ድንገት ቢወድቅ ምላጩ እንዳይበላው ወንበሩ ሥር ማጥፊያ አለው። ወልደጻድቅ ወጥቶ ሲቀመጥበት ሞተሩ ዞረ። ሰናይ የሠራው እሱ ይመስል አጨበጨበ። ሞተሩ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ ዝም አለ። ቢሉት ቢሠሩት ከዚያ አላልፍ አለ፤ ይነሳል፣ ያስላል፣ ይጠፋል።

ከዚያ ወዲያ ግቢው በሙሉ መካኒክ ሆነ። አንዱ ካንዴላው ነው አለ፤ ካንዴላ ማለት ቤንዚኑን የሚለኩሰው የሞተሩ ክብሪት ነው። ተቀየረ። ሌላው አየር ማጣሪያው ታፍኗል አለ፤ አራግፈው መለሱት። ሌላው ደግሞ የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ የፈረንጅ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል አለ፤ ደረጃ ሲወጣ እንዲያ የሚሆነው እሱ ራሱ ነው። ባለ ውሻዋ ሴትዮ «ዓይን በልቶታል፣ ስንቱ ነው ያየው» አለች። ታንኩን ክፈቱና እዩ የሚል ግን ጠፋ። ክዳኑ ሲፈታ፣ ጆጉ ሲዘቀዘቅ ያላየ በዚያ ግቢ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ አብኔዘር የሚባል መካኒክ ከገርጂ አስመጡ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበትን ካርቡራተር የሚባለውን ዕቃ ፈቶ ውስጡ የቀረውን በተቆረጠ ሃይላንድ ቀዳው። ቤንዚን ከውሃ ይቀላል፤ ቤንዚኑ ከላይ፣ ኩልል ያለ ውሃ ከታች፣ ለየብቻቸው ቆሙ።

ቤዛዊት ልብስ እያሰጣች ስለነበር ሁሉንም ሰምታለች። አብኔዘር «ውሃ ጠጥቷል» አለ። ሰናይ «ውሃ ከየት አገኘ?» አለው። «እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ቧንቧ የለው! ሰው ነዋ የጨመረበት» አለ መካኒኩ። በዚህ ጊዜ ሁሉም መሬት መሬት አየ። «ጸበሉ ነው» ማለት ሃይማኖትን መድፈር መሰላቸው። «ሰናይ ነው» ማለት ደግሞ ሰናይን መድፈር ነው። ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ እንደፈሩ አላውቅም፤ የምጠረጥረው ግን አለኝ። በዚህ መሀል ሰናይ «ለመሆኑ ቤንዚኑን የሚቀዳው ማነው?» አለ።

የሚቀዳው ወልደጻድቅ ነው። በቃ። ቤንዚኑን ሸጦ ታንኩን በውሃ ሞላው ተባለ። ቤንዚን በዚህ ከተማ ሰው ሲሰለፍለት የሚውል ነገር ስለሆነ ለማመን የተቸገረ የለም። በዚያው ቀን ነዋሪውን ሰብስበው፣ ወልደጻድቅን መሀል አቁመው ሌባ አሉት። ከበሩ አጠገብ ያለችውን የሚኖሩባትን ክፍል በወሩ መጨረሻ እንዲለቅ ወሰኑ። ሚስቱ እንዴት እንደሆነች ሁሉም ያያል፤ ልብሷ ሊሸፍነው አይችልም።

ስለ አማችሽ ደግሞ ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ። ሮጬ ሄጄ «ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ በጸበል ላይ አፌን አልከፍትም» አለኝ። «ሌባ ከምትባል?» አልኩት። «እሱ በሰው ዘንድ ነው» አለ። «ሚስትህስ የምትወልደው በማን ዘንድ ነው?» አልኩት። ደግ እኮ ነው ትይኝ ይሆናል። ደግነት ይሄ ከሆነ በግም ደግ ነው።

እሱን ትቼ ሰናይ ሱቅ ሄድኩ። አረፍ ልበል ብዬ ዞር ዞር ስል መቀመጫው ሁሉ የሽንት ቤት ሆነብኝ፤ ቆሜ አናገርኩት። «ክዳኑን የፈታኸው አንተ፣ ውሃውን የጨመርከው አንተ። እዚያው ነበርኩ» አልኩት። ሻጮቹ እንዲሰሙለት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ውሃ ነው ያልከው? ጸበል እኮ ነው ወንድሜ! ሃይማኖት ቀየርክ እንዴ? ጸበል ያድናል እንጂ አያበላሽም!» አለኝ። ይሄን የሚለኝ በሁዳዴ ሥጋ ቤት ጓዳ ያገኘሁት ሰው ነው። ያኔ እኔን ሲያይ በጉርሻው ታንቆ ነበር።

የቀሩኝ አባ ገብረሰንበት ነበሩ። ቤታቸው ስደርስ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ነክረው ተቀምጠዋል። ይቆጡኛል ብዬ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ «ምን ያህል ጨመረበት?» ብለው አቋረጡኝ። «ጆጉ ውስጥ የተረፈውን በሙሉ» አልኳቸው። «ደንቆሮ» አሉ። «ላዩ ይበቃል ብዬው ነበር። ጸበል ላመነ ሰው ነው፤ ቤንዚን ምን ያምናል?» በጸበሉ ስም ሌላ ሰው ሌባ መባሉን ስነግራቸው ግን እግራቸውን ከውሃው አወጡ። «እሑድ እመጣለሁ። መካኒኩን አንተ አምጣ» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው ነዋሪውን አስጠሩ። አብኔዘር ታንኩን ገልብጦ አራገፈ፣ ካርቡራተሩን አጠበ፣ ንጹሕ ቤንዚን ሞላ። ወልደጻድቅ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ሞተሩ ቁልፉ እንደዞረ ተነሳ፣ አልሳለም፣ አልጠፋም። አባ «ውሃውን ማን እንዳስገባው ሁላችሁም አይታችኋል። እኔም አይቻለሁ። ጸበሌን ለሐሰት ምስክር አታድርጉት» አሉ። ስም አልጠሩም። መስቀላቸውን ለመሳለም ሰናይ ሁሉንም ቀደመ።

ተሳልሞ ሲያበቃ ወደ ነዋሪው ዞረና «እንግዲህ ያለፈው አልፏል። ወልደጻድቅን ይቅር ብለነዋል። ክፍሉም ውስጥ ይኑር፣ ነገ ሥራውን ይጀምር» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ይቅር አሉት፣ እታለም! በእኛ አገር በግህን የበላብህ ሰው ካሳ ያመጣል፤ እነዚህ የበሉትን ሰው ይቅር ይሉታል። አማችሽም ከማሽኑ ሳይወርድ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ እጅ ነሳ።

«ምን አድርጎ ነው ይቅር ያላችሁት?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ቤዛዊት ናት። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር ያልሰሙ መሰሉ። ሰዉን ጥሳ ሄዳ ቁልፉን አዞረችና አጠፋችው። «ምን አድርጎ ነው?» አለች እንደገና። ሰናይ «እህቴ፣ ስህተት ነበር፣ አሁን ተፈታ» አላት። «የማን ስህተት?» አለችው። «ያው... ባጠቃላይ» አለ። «ባጠቃላይ የሚባል ሰው በዚህ ግቢ አላውቅም» አለችው። አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። «ሌባ ያላችሁት እዚሁ ቆማችሁ ነው። እዚሁ ቆማችሁ አልሰረቀም በሉ፤ ያን ጊዜ ሥራውን ይጀምራል።» ይህን ብላ ቁልፉን ከማሽኑ ነቀለችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ክፍሏ ገባች። አባ ገብረሰንበት «መልሱላት እንጂ» አሉ። ነዋሪው ምሳ እንደደረሰበት አስታወሰ፤ በየቤቱ ገባ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ደህና ነው፤ የሚያስነሳው ግን የለም፣ የምትገፋዋንም የሚገፋት ጠፍቷል። ዝናቡ ሲያወርደው ይውላል፤ ሳሩ ከጉልበት አልፏል። ያን ሁሉ ሳር በመስኮት እያዩ ስብሰባ ይቀመጣሉ። አዲስ ቁልፍ ይሠራ ይላሉ፣ ሌላ አትክልተኛ ይቀጠር ይላሉ፣ ደግሞም የክረምት ሳር ለዓይን ደስ ይላል የሚል ተነስቷል። «አልሰረቀም» የሚል ግን እስካሁን አልተገኘም።

አሁን ወደ ተላክሁበት ልምጣ። ሰናይ ሰው ልኮብኛል። ወልደጻድቅም ቤቴ መጥቶ አልቅሷል። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ ልጅቱ ቁልፉን ካልመለሰች ክፍሏን እንዲለቁ ይደረጋል፤ እናቷ ትምከራት፣ ትንሽ ዝቅ ትበልና ነገሩ ይብረድ፣ ለእህትህ ጻፍላት አሉኝ። ይኸው ጻፍኩ።

እኔ የምልሽ ደግሞ ይህ ነው። ካስወጧቸው እኔ ቤት ይገባሉ። ኮንዶሚኒየሙ ጠባብ ነው፤ ልጆቼን ሳሎን አስተኛለሁ። ባለቤቴ ፀደንያ ስነግራት አልወደደችውም፤ ፍራሹን ግን አውጥታ አናፍሳዋለች። ሐኪም ቤቱም ከእኛ ቤት ቅርብ ነው። ስለዚህ ልጅሽን ዝቅ በይ ብለሽ እንዳትልኪባት። ዝቅ የሚል ባል አላት፤ ለአንድ ቤት አንድ ይበቃል።

ለጋሽ መኩሪያ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። ለቢሩክ ትምህርቱን እንዳይተው ንገሪልኝ፣ ለሚስቱም ለእንግዳው ልጅ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሏል በያት። ለእማሆይ ወለተሚካኤል በጸሎታቸው እንዲያስቡን ንገሪልኝ። ጎረቤቶቻችሁን ሁሉ ስም እየጠራሽ ሰላም በይልኝ፤ የረሳሁት ቢኖር የረሳሁት እኔ እንጂ አንቺ አይደለሽምና እንዳይቀየሙሽ። ፀደንያና ልጆቹ ያቅፉሻል። ጤናሽን ጠብቂ።

ወንድምሽ ሙሉአለም

ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.