በደብሩ ጣሪያ ላይ ብረት የተከሉት መምህር ዋልልኝ ማሩ

መምህር ዋልልኝ ማሩ ከአባታቸው ከአቶ ማሩ ጥላዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ ይታየው በ1952 ዓ.ም. ከገሳይ ከተማ አለፍ ብላ ባለች የገብስ አገር ተወለዱ። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን ደብረ ታቦር አጠናቀው፣ በፊዚክስ መምህርነት ተመርቀው እስከ ጡረታቸው አስተማሩ። ክርክር ሲወዱ ለጉድ ነበር፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን አይለቁም።

በ1980 ዓ.ም. ወይዘሮ አሰለፈች ሙላቴን አግብተው ፍቅርተንና ሕይወትን ወለዱ። በ1999 ዓ.ም. በሐምሌ መድኃኔዓለም ዕለት፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ሕይወት ከቅዳሴ ወጥታ፣ በደብሩ ቅጥር ከጥዱ ሥር ዝናብ ስትጠለል መብረቅ ገደላት። አፉ የማያርፍ ለቀስተኛ ሁሉ የእግዜር ቁጣ ነው አለ። አባቷ ረጅም ዛፍ መብረቅ እንደሚስብ ለስንቱ ልጅ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ለእሷ ግን ሳይነግሯት ቀሩ። ይህ እስከ መጨረሻው ሲጸጽታቸው ኖረ።

እዚህ አስከሬናቸው ፊት ቆሞ መናገር ይከብዳል፤ ግን እሳቸው ውሸት አይወዱም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈጣሪ የለም አሉ፤ ለጸሎትም ደጁን አልረገጡም። ሆኖም የሌላ ሰው ልጅ እንዳይሞት ብለው፣ በደብሩ ጣሪያ ላይ ከጥዱ የሚረዝም ብረት ተክለው የመዳብ ሽቦ እስከ መሬት ዘረጉ። መሰላሉን የያዙላቸው የወይዘሮ አሰለፈች ወንድም ቄስ አዳነ ናቸው። እስከ ዛሬ መብረቅ ሰው አልነካም። ምእመኑ ታቦቱ ጠበቀን ይላል፤ እሳቸው ሽቦው ነው ይሉ ነበር። ቄስ አዳነ፣ የሽቦውን ሐሳብ በልብህ ያሳደረው ማን ሆነና ብለው ይሞግቷቸው ነበር። እሳቸውም፣ ታዲያ ሕይወት ሳትሞት ምነው አላሳደረብኝ ብለው ይመልሱላቸው ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኩላሊታቸው ታሞ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ታከሙ። ወይዘሮ አሰለፈች ከጣራ ገዳም ጸበል ሲያስመጡላቸውም፣ ደስ ይበላት ብለው ተጠመቁ። ሐኪም ተስፋ ሲቆርጥ የወይዘሮ አሰለፈች ጭንቅ ሌላ ሆነ። ንስሐ ያልገባ ሰው ፍትሐት ስለማይደረግለትና በደብሩ ቅጥር ስለማይቀበር፣ ባላቸው ከሕይወት አጠገብ ሳያርፉ እንዳይቀሩ ፈሩ። እያለቀሱ ለመኗቸው፤ እሳቸው ግን ያላመንሁትን አመንሁ ብዬ አልሞትም አሉ። በመጨረሻ ቄስ አዳነን አስጠርተው፣ "እግዜር ካለ፣ ለምን እሷን ብዬ እጠይቀዋለሁ። ሌላ ንስሐ የለኝም" አሏቸው።

ቄስ አዳነም አለቀሱ። "እኔም ቅዳሴ በገባሁ ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነው" ብለው፣ መስቀላቸውን በመምህሩ ግንባር ላይ አኑረው ፈቷቸው። ይህ ልክ አይደለም የሚል ካለ ከቄሱ ጋር ይነጋገር።

መምህር ዋልልኝ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ፤ ዛሬ ከሕይወት ጎን ይቀበራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈችና ልጃቸው ፍቅርተ ቀርተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ የጠየቁትንም ይመልስላቸው።