አንድ የጎደለ ጃኬት

ይድረስ ለአሰገደች፣ ዲላ

ሰላምሽ ይብዛ። እዚህ ሐዋሳ ጉማሬ ልናይ ጀልባ ላይ ከወጣን በኋላ አንድ የሕይወት አድን ጃኬት ጎደለ። የልጅ ልጅሽ ሳሮን የራሷን አውልቃ «እማማ፣ እርስዎ ይልበሱት» አለችኝ። ባለጀልባው «ያለ ጃኬት ማሳፈር ሕጉ አይፈቅድልኝም» ሲል፣ አንዱ ተሳፋሪ «ሐይቁ ውስጥ ትራፊክ ቆሟል እንዴ?» ብሎ አሳቀበት። የእኛም የዲላ ሞተረኞች ሄልሜት የሚያደርጉት ትራፊክ ሲያዩ ብቻ ነው። ሳሮን ግን ዋና አትችልም። ጉማሬ ለማየት ስንት ዘመን እንደተመኘሁ ታውቂያለሽ፤ ቢሆንም ጃኬቱን መልሼ አልብሼያት፣ ማሰሪያውን አጥብቄላት ወረድኩ። ያየችውን እሷው ትነግርሻለች።

የመጻፊያው ቦታ አለቀብኝ፤ ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ለጎረቤታችን ለፈይዛም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ልጅቷን እንደሰጠሽኝ አድርጌ ቅዳሜ አስረክብሻለሁ።

ያንቺዋ አልጋነሽ