በጀርባ የታተመው ቴአትር

ለውድ እናቴ፣

ይህን ደብዳቤ ከማንበብሽ በፊት መቀመጫ ፈልጊ። የስፌት መኪናሽን አቁሚ፣ መነጽርሽንም ከግንባርሽ ላይ ወደ ዓይንሽ አውርጂ። በቤታችን ላይ ከባድ ነገር ደርሷል። ታላቋ ልጅሽ፣ የቤታችን ኩራት፣ ኢኮኖሚክስንና ኪነ ጥበብን በአንድ ዲግሪ አጣምራ አራት ዓመት ስትማር የኖረችው እህቴ፣ ባለፈው ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በገዛ ወንድሟ እጅ ጉድ ሆናለች። ወንድሟ እኔ ነኝ። ሌላ ካለና ደብቀሽኝ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ ጥፋቱን የምካፈለው ሰው እፈልጋለሁ።

ከተቀመጥሽ ሰላምታዬን ልቀጥል። እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽስ? የደም ግፊትሽን ተለካሽ ወይስ አሁንም ነርሷን በወሬ አዘናግተሽ ሳትለኪ ትመለሻለሽ? እኔ ከናፍቆትሽና አፍንጫዬ ውስጥ ከሚገባው የቀለም ዱቄት በስተቀር ደህና ነኝ። አለቃዬም ደህና ነው። ማሽኑ ሲበላሽ እኔን ይሰድባል፣ እኔ ሲያመኝ ለማሽኑ ያዝናል።

እንደምታውቂው ዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጦ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ሲያትምና ሲጠርዝ የሚውል ሰው መጨረሻው ምን ይመስልሻል? ምሁር መሆን ነው። ወረቀቱ ከማሽኑ እየወጣ ዓይኔን ጨፍኜ መቆም አልችልምና አነባለሁ። ስለ ወባ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ንብ እርባታ መግቢያውንና መደምደሚያውን አሳምሬ አውቃለሁ። መሃሉ ላይ ብቻ ደንበኛ እየመጣ ያቋርጠኛል።

አሁን የእህቴን ጣጣ ልንገርሽ። ሁለት ትምህርት በአንድ ዲግሪ መማር ሁለት አማት እንዳላት ሙሽራ መሆን ነው። ኢኮኖሚክሶቹ የኪነ ጥበብ ልጅ ናት ይላሉ፣ ኪነ ጥበቦቹ የኢኮኖሚክስ ናት ይላሉ። ስም ሲጠራ ሁለቱም ጋ የለችም፣ ፈተና ሲሆን ሁለቱም ጋ አለች።

የመጨረሻ ሥራዋ ስለ ሰልፍ ነው። አዎ፣ ሰው ተሰልፎ ስለሚቆመው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ክሊኒክ በር ላይ ደብተር ይዛ ቆመች፤ ዘበኛው ታማሚ መስላው ሁለት ጊዜ ወንበር ሰጥቷታል። ከዚያ ሁለት ነገር ጻፈች። አንዱ ጥናት ነው። ሰው ተራ ሲጠብቅ የሚያልፍበት ሰዓት ስንት እንደሆነና በዚያ ሰዓት ምን ሊሠራ ይችል እንደነበር ይለካል። ሁለተኛው ቴአትር ነው፣ እዚያው ሰልፍ ላይ ስለቆሙ ሰዎች። አንድ ሽማግሌ አለ፤ በጠዋት መጥቶ የመጀመሪያውን ተራ ይይዝና ከኋላው የደከመ ሰው ባየ ቁጥር ተራውን ለቆ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ሐኪሙ ጋ አንድም ቀን ደርሶ አያውቅም። እማዬ፣ እሱን ሳነብ ሆዴ ባባ። ለአለቃዬ ግን ዓይኔ ውስጥ ዱቄት ገባ አልኩት።

ችግሩ ዘንድሮ የወጣው ደንብ ነው። የጣምራ ዲግሪ ተማሪ ሁለቱን ትምህርቶች አዋህዳ በአንድ ጥራዝ ማቅረብ አለባት፣ ሁለቱም መምህራን እዚያው ጥራዝ ላይ መፈረም አለባቸው ይላል። ካልሆነ የኪነ ጥበቡ ይሰረዝና በኢኮኖሚክስ ብቻ ትመረቃለች። አራት ዓመት የለፋችበት ግማሹ በነነ ማለት ነው።

መምህራኑን ደግሞ ባየሽልኝ። የኢኮኖሚክሱን ተማሪው ሁሉ ሠንጠረዥ ይላቸዋል። የቴአትሯን መጋረጃ ይሏቸዋል። ሁለቱ ደረጃ ላይ ከተገናኙ አንደኛቸው ዕቃ እንደረሳ ሰው ወደመጡበት ይመለሳሉ። ሠንጠረዥ ሽማግሌውን አውጥተሽ ጣይልኝ አሏት። መጋረጃ ቁጥሩን ሁሉ አውጥተሽ ጣይልኝ አሏት። ሦስት ጊዜ ልታዋህደው ሞክራ ሦስቴም አንዱ እጅጌ አጭር፣ አንዱ ረጅም የሆነ ሹራብ ወጣላት። አንቺ ብታይው ትተረትሪው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ፍላሽ ይዛ መጣች። ጥናቱን በሁለት ኮፒ አትምልኝ፣ ለሁለቱም ክፍሎች አስገብቼ በኢኮኖሚክስ ብቻ እመረቃለሁ፣ በቃኝ አለችኝ። ቴአትሩንም በሁለት ኮፒ ለብቻው አትመው አለች። የማይቀርበውን ምን ያደርግልሻል ብላት፣ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለእማዬ እልክላታለሁ አለች። ይሄን ስትል እየሳቀች ነበር። አንቺ ታውቂያታለሽ፣ ስታለቅስ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ስትስቅ ነው። ፍላሹን እጄ ላይ ጥላ ወደ ክፍል ሄደች።

እዚህ ጋ ነው ጉዱ የሚፈላው። ማሽናችን አሮጌ ስለሆነ የወረቀቱን ሁለት ፊት በአንዴ አያትምም። ፊቱን አትሞ ሲጨርስ ወረቀቱን ትገለብጪና ከታች ትመልሺለታለሽ፣ ያኔ ጀርባውን ያትማል። እኔ ጥናቱን አትሜ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ሲገባኝ፣ ገልብጬ ማሽኑ ውስጥ መለስኩትና ቴአትሩን አዘዝኩ። በቃ፣ በጥናቱ ጀርባ ቴአትሩ ታተመ። ያን ሁሉ ሰዓት ሳላየው ቀረሁ። ጠርዤው ጨረስኩ፣ ሳላየው። በፊት ሰማያዊ፣ በኋላ ቀይ ክዳን አለበስኩት፣ አሁንም ሳላየው።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል መጥታ ስትገልጠው ፊቷ ወረቀቱን መሰለ። ምንድነው ያደረግከው አለችኝ። ተሳሳትኩ አልኳት። እንደገና አትም አለች። ወረቀት አልቋል አልኳት። አለቃዬ ከኋላ ሆኖ አንድ ካርቶን ሙሉ አለ ሊል አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት፤ ጫማው አዲስ ነበር፣ እስከ ዛሬ አልማረኝም። ጥራዝ የሚቀበለው ቢሮ አሥር ሰዓት ይዘጋል። እህቴ አንተ ልጅ ጠላቴ ነህ ብላኝ ሁለቱን ጥራዞች አቅፋ በሩጫ ወጣች። አስገባቻቸው፣ ሌላ ምን ምርጫ አላት?

ሰኞ ሁለቱ መምህራን ፊት ተጠራች። እኔም ወረቀት ላደርስ የመጣሁ መስዬ ከኋላዋ ገባሁና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሠንጠረዥ በአንድ ጠርዝ፣ መጋረጃ በሌላው ጠርዝ ተቀምጠዋል፣ መሃላቸው ላይ ስድስት ወንበር ባዶ ነው። እህቴ ገና ይቅርታ፣ የወንድሜ ስህተት ነው ብላ ስትጀምር ሠንጠረዥ እጃቸውን አነሱ። ቀኙ ገጽ ላይ አማካይ የጥበቃ ጊዜ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይላል አሉ። ግራው ገጽ ላይ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ስመጣ ይሄ ጫማ አዲስ ነበር ትላለች። የቱን ልመን አሉ። መጋረጃ ከወዲያኛው ጠርዝ፣ ሁለቱንም ይመኑ፣ እሱኮ ነው ነገሩ አሏቸው። እማዬ፣ ሰዎቹ ተነጋገሩ። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ በድንጋጤ እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ።

ከዚያ መጋረጃ ድምፁ ይሰማ፣ ይነበብ አሉ። እህቴ የሴትዮዋን ታነባለች፣ እሳቸው የነርሷን። ሽማግሌውን ማን ያንብብ ሲባል ሠንጠረዥ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንዴት እንደሚያነቡ ብትሰሚ። ያ ቁጥር ብቻ የሚወጣው አፍ ለካ ሌላ ድምፅ ደብቆ ኖሯል። አንድ ገጽ ከቴአትሩ፣ ከዚያ እህቴ ፊት ለፊቱ ያለውን ቁጥር ትናገራለች፣ ደግሞ ወደ ቴአትሩ። መጨረሻው ላይ ሽማግሌው እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ሰልፉ በሙሉ ባለበት ፊቱን ያዞራል፤ መጨረሻ የነበረው እሱ አንደኛ ይሆናል። ሠንጠረዥ እዚያ ሲደርሱ ማንበብ አቃታቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሲወለውሉ ቆዩ። እኔ ዱቄት መስሎኝ ነበር።

ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ፈረሙ። የተጣሉት በማን እስክሪብቶ ይፈረም በሚለው ብቻ ነው። ልጅሽ በሁለቱም ትመረቃለች እማዬ። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ አንገቴን ይዛ አነቀችኝ፣ ከዚያ ሳመችኝ፣ ከዚያ እንደገና አነቀችኝ። የቱ የኢኮኖሚክስ፣ የቱ የኪነ ጥበብ እንደሆነ አልለየሁም።

ማክሰኞ ደግሞ መጋረጃ አንዱን ጥራዝ ይዘው ሱቃችን ድረስ መጡ። ይሄን የጠረዘው ማነው አሉ። አለቃዬ እግሩን እያሸ ወደ እኔ ጠቆመ። መጀመሪያ ላይ ባዶ ወረቀት አለ፣ እሱ ባይገባ ኖሮ ቴአትሩና ጥናቱ በአንድ ገጽ ይዛነፉ ነበር፣ ማን አስገባው አሉኝ። ማሽኑ ነው አልኳቸው። ቴአትሩ ከጥናቱ በዘጠኝ ገጽ ያንሳል፣ ዘጠኙ ባዶ ገጾች የወደቁት ግን ጥናቱ ተራቸው ሳይደርስ ሰልፉን ትተው ስለሄዱ ሰዎች በሚያወራበት ቦታ ላይ ብቻ ነው አሉ። ሰዎቹ ሄደዋል፣ ስለዚህ መድረኩ ባዶ ነው፤ ይሄንንስ ማን አሰበው አሉኝ። ማሽኑ ዘጠኝ ቦታ ላይ ደክሞት ዘሎ ይሆናል አልኳቸው። ጥራዙን ዘጉት። ከዚያ፣ ይሄ ማሽን እስከ ስንተኛ ክፍል ተምሯል ብለው ጠየቁኝ። ስምንተኛን ጨርሷል፣ ዘጠነኛ ላይ ወረቀት ነክሶ ቆመ አልኳቸው። ሳቁ። ለእንደዚህ ዓይነት ማሽን የሚሆን የማታ ትምህርት አለ፣ ማን ጋ እንደምልከው አውቃለሁ፣ እስከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ መጥቶ የእኔ ክፍል ይቀመጥ ብለው የአንድ ሰው ስም ጽፈው ሰጡኝ።

ለእህቴ ይህን አልነገርኳትም። እሷ አሁንም ስህተት መስሏት ለጓደኞቿ ሁሉ ወንድሜ ደደብ በመሆኑ ተመረቅኩ እያለች ታወራለች። ደስታዋን አልነካባትም። ስለዚህ አንቺም አደራ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከሣጥኑ ሥር፣ የአባባ ሰነዶች ያሉበት ፖስታ ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ካርዴ አለ። እሱን በሰው ላኪልኝ። ማሽኑ አንድ እግሩን ስለሚያነክስ ከሥሩ ላደርግለት ነው። የእህቴ ካርድ አይሆንም፣ ውጤቱ ከፍ ስለሚል ማሽኑን ያዘምመዋል፤ የእኔ ስም ያለበት ይሁን። ማህተሙ እንዳይበላሽ በፕላስቲክ ጠቅልይው፣ ከወሩ አሥራ አምስት በፊትም ይድረስ፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ እንደማይመዘገብ ነግረውኛል።

ጤናሽን፣ ዕድሜሽን፣ እንቅልፍሽን አብዝቶ ይስጥልኝ። ዓይንሽ ሳይደክም፣ ክርሽ ሳይበጠስ ለምርቃቷ ያድርስሽ፣ ቀጥሎ ለሚመጣውም። ሌላ የሚወራ ነገር የለም። አስደንግጬሽ ከሆነ ይቅር በይኝ፤ ነገሩ ሁሉ ቢጨመቅ አንድ ወረቀት በጀርባው ታተመ፣ ይኸው ነው።

የማይረባው ታናሹ ልጅሽ