ስለ ወንዶቹ ልጆቻችን

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? ጋሼስ ደህና ናቸው? ዓይናቸውን ታከሙ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ማንበብ ቻሉ? ትልቋ ልጅሽ በሰላም መገላገሏን የሰማሁት ከሰው አፍ ነው፤ ለዚያውም ልጁ አምስት ወር ሊሞላው ሲል። እንኳን ለአያትነት አበቃሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን ለአንቺ መዋሸት አላውቅበትም። ደህና አይደለንም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ስልኬን አላነሳሽም። አልፈርድብሽም። ይህን ደብዳቤ የያዘልሽ ሹፌሩ የአጎታችን ልጅ ነው፤ እጅሽ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ። ቀዳደሽ ብትጥዪውም እንኳ አንብበሽ ጨርሰሽ ይሁን። የምጽፍልሽ ስለ እኔ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ስለቀበርሻቸው ሁለት ወንዶች ልጆችሽና ስለ አሁኑ ሕፃንም ነው።

ወንዱን ልጄን ታስታውሺዋለሽ፤ በሁለተኛው ልጅሽ ለቅሶ ላይ የአራት ወር ሕፃን ነበር። አሁን ስድስት ዓመት ተኩል ሊሆነው ነው። አነጋገሩ የትልቅ ሰው ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ሽማግሌው» ይለዋል። ነርሷ ልትወጋው ስትመጣ «ቀኙ ሰልችቶታል፣ ዛሬ ግራውን ሞክሪ» ይላታል። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ ስቄ ሳልጨርስ፣ ይህን ያስተማረው የመርፌው ብዛት መሆኑ ትዝ ይለኛል።

ሕመሙ የጀመረው በሰባት ወሩ ነው። መጀመሪያ ጆሮው መግል አፈሰሰ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ የሳንባ ምች። ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ተኛ። እኔ የምሠራው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የእንግዳ አንሶላ ስናጥብና ስንተኩስ እንፋሎት ይቀቅለናል። «ከዚያ ወበቅ ወጥተሽ ብርድ ይዘሽበት እየገባሽ ነው» አሉኝ፤ አመንኩ። ልብሴን በር ላይ እየቀየርኩ፣ እጄ እስኪላጥ በሳሙና እየታጠብኩ እገባ ጀመር። ባለቤቴም ከብየዳ ሥራው ሲመለስ ሳይታጠብ ልጁን አይነካም። ምንም ለውጥ የለም። አንዱን ሽሮፕ ሳንጨርስ ሌላ ይታዘዛል።

በሦስት ዓመቱ ነው፣ አዲስ የመጣች የሕፃናት ሐኪም አፉን አስከፍታ በባትሪ አየች። «ቶንሲሉን መቼ አስወጣችሁት?» አለችኝ። ተነክቶ አያውቅም አልኳት። ደግማ አየች። «ይህ ልጅ ቶንሲል የለውም» አለች። ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና በእናቴ ወገን በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ እንዳለ ጠየቀችኝ። እናታችን ሁለት ሕፃናት ወንድሞቿን እንደቀበረች ነገርኳት። ከዚያ በስምንት ወሩ የሞተብሽን፣ ቀጥሎም ዓመት ከአራት ወሩ ላይ የሞተብሽን ነገርኳት። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ለሴቱ ክብ፣ ለወንዱ አራት ማዕዘን እየሳለች፣ በሞቱት ላይ መስመር ታሰምራለች። እትዬ፣ የተሰመረባቸው ሁሉ አራት ማዕዘን ነበሩ።

ደሙ ተመረመረና ውጤቱ መጣ። የበሽታው ስም ረጅም ስለሆነ እሱን ተዪው፤ ያስረዳችኝን ልንገርሽ። የሰው ሰውነት ጀርም ሲገባበት የሚከላከልበትን ነገር ራሱ እየሠራ በደሙ ውስጥ ያኖራል። የእኛ ወንዶች ልጆች ግን ከፍጥረታቸው ጀምሮ ያን መሥራት አይችሉም፤ ቶንሲሉም ያልበቀለው ለዚሁ ነው። ከማንም አልያዛቸውም፣ ወደ ማንም አይጋባም። የሚመጣው በእናት በኩል ነው። እኛ ሴቶቹ ሳንታመም ተሸክመነው እንኖራለን፤ የምንወልደው ወንድ ሁሉ የመያዝና የመትረፍ ዕድሉ እኩል ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ጤነኛ መስለው የሚያልፉት በማህፀን ሳሉ ከእናታቸው የወሰዱት መከላከያ ስላለ ነው። ስድስት ወር ገደማ ሲሆን እሱ ያልቃል።

አሁን የዚያን ቀኑን ነገር ላንሳ። ለቅሶ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ «ልጅሽን ለሞግዚት ጥለሽ የሰው ልጅ ስታስተምሪ ገደልሽው» አልኩሽ። የእኔን ወፍራም ልጅ ከፍ አድርጌ ይዤ «ልጅ እንዲህ ነው የሚያዘው» አልኩሽ። ልጄ ያን ቀን ጤነኛ የነበረው ገና አራት ወሩ ስለነበር ነው። ያንቺም ልጆች በአራት ወራቸው እንደዚያው ነበሩ። ትምህርት ቤቱ አልገደላቸውም፤ አንቺም አልገደልሻቸውም። ይህን ካወቅሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል። እስከ ዛሬ ለምን አልጻፍሽልኝም ብትይኝ፣ አፍሬ ነው።

መድኃኒቱ ከብዙ ሺህ ሰዎች ደም ተጣርቶ የሚወጣ ነው፤ በየአራት ሳምንቱ ግማሽ ቀን ያህል በደም ሥሩ ይንጠባጠብለታል። ሁለት ዓመት ሲወስድ ሰው ሆኖልኝ ነበር። ሮጠ፣ ተደባደበ፣ ትምህርት ቤት ገባ። ለትምህርት ቤቱ ያስገባነውን የሐኪም ማስረጃ ግን አከራያችን አየችው። «የበሽታ መከላከል አቅም እጥረት» የሚለውን አንብባ ሰው ሁሉ የሚፈራው ያኛው በሽታ መሰላት። በማግስቱ የግቢው ቧንቧ ተቆለፈብን፣ የጎረቤት ልጆችም ከእኛ በር ራቁ። ባለቤቴ ወረቀቱን ይዞ በየቤቱ እየዞረ አስረዳ። ሁሉም «ገብቶናል» አሉት። ቧንቧው ግን እንደተቆለፈ ቀረ።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ መድኃኒቱ ይጠፋል። የፋርማሲው ሰውዬ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። አራት ወር ተከታትሎ ሳይገባ ቀረ። በአራተኛው ወር ሳንባው ተያዘና ሦስት ሳምንት ኦክስጅን ላይ ተኛ። በሕይወት ወጣ፤ ግን የሳንባው የታችኛው ክፍል ተበላሽቷል፣ አይመለስም አለችኝ ሐኪሟ። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ቢገኝ የቀረውን ያቆይለታል። ባይገኝስ ስላት ካርዱን እያገላበጠች ቆየች።

አሁን ከአልጋው ተነስቶ መስኮቱ ጋ እስኪደርስ መሀል ላይ ያርፋል። በቀደም «መድኃኒቱ የሰው ደም ከሆነ የእናንተን ለምን አትሰጡኝም?» ብሎ ጠየቀን። እንደዚያ እንደማይሆን አስረዳሁት። አባቱ ወጥቶ ሄደ። ለልጁ እንደማይደርሰው እያወቀ ደም ሰጥቶ ነው የተመለሰው፤ ፕላስተሩን ክንዱ ላይ ሳይ ገባኝ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ደግሞ ያን የክብና የአራት ማዕዘን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታ «እኔ የትኛዋ ነኝ?» አለችኝ። አሳየኋት። ሐኪሟ አጠገቧ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች። እሷም ተሸካሚ ትሁን አትሁን ገና አልታወቀም ማለት ነው።

ሰው «በርቺ» ይለኛል። በምኑ እንደምበረታ የሚነግረኝ ግን የለም። አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ከበሩ ውጭ ቆሜ አተነፋፈሱን አዳምጣለሁ። ጸሎት ስጀምር ቃሉ ይጠፋኛል። ተስፋ አለኝ ብዬ አልጽፍልሽም።

የእኔ ልጅ ሳይታወቅለት ቆየ። የልጅሽ ልጅ ግን ገና ጊዜ አለው። ወንድ ነው ብለውኛል። እባክሽ ደሙ ይታይ፤ እስኪታመም አትጠብቁ። ምን ምን እንደሚመረመር ሐኪሟ በእጇ የጻፈችው ከዚህ ጋር ታጥፏል። የሚቀጥለውን ክትባት ከመከተቡ በፊትም የቤተሰባችንን ታሪክ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ የማይሰጥ ክትባት አለ ብላኛለች። ልጅሽ እንዳትደነግጥ ብለሽ አትደብቂያት። «ልጁ ወፍራም ነው፣ ምን ይሆናል» የሚል ቢመጣ አትስሚው። እንደዚያ ባይ እኔ ነበርኩ።

ጋሼን በጣም ሰላም በይልኝ። ልጅሽን አክስትሽ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ብላለች በያት። ባለቤቴም ልጄም ሰላም ይሉሻል። «ሽማግሌው» መቼም አያውቅሽም፤ ቢሆንም ጉልበትሽ እንደሚያምሽ ስነግረው «ቀስ ብላ ትውጣ በያት» ብሏል። ሕፃኑን ሳሚልኝ፤ ስሙን የነገረኝ የለም። ወደ ሁለቱ ልጆችሽ መቃብር ስትሄጂ ደግሞ፣ ከቻልሽ፣ እኔንም አንሺልኝ።

ሹፌሩ እዚያ አራት ቀን ይቆያል። ለእኔ መልስ ባትጽፊልኝ አልቀየምሽም። የሕፃኑን ውጤት ብቻ ለእሱ ንገሪው።

ታናሽሽ

ሆስፒታሉ አጠገብ ካለው የኪራይ ቤታችን
ጥቅምት ፲፱ ቀን