ለሌንሳ አባት የልብ ምት መቁጠሪያ

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ጠዋት ጉም ነበር። ብርዱ ጉልበት ይይዛል። ቤት ያለነው እኔና የሌንሳ አባት ብቻ ነን። ልጃችን ሌንሳ አዲስ አበባ ናት፣ ሥራ ላይ።

ዛሬም ወጣን። ከሰፈራችን ከባኬ ጃማ ሜዳ ሜዳውን እስከ እንጨት መሰንጠቂያው። ዶ/ሯ ያዘዘችው ይኸው ነው፤ በየቀኑ ይራመድ፣ ዳገት አይውጣ፣ የልቡ ምት ከመቶ አሥር ካለፈ ይቁም፣ የሚቆጥርለት ሳይኖር ብቻውን አይውጣ። ራሱ መቁጠር አይችልም። ስኳሩ የጣቱን ጫፍ አደንዝዞታል።

መሰንጠቂያው ጋ ስንደርስ እጁን ሰጠኝ። ቀኝ እጁን ይዤ በግራው ያሰረውን ሰዓት እያየሁ እቆጥራለሁ። ዘጠና ስምንት። ደህና ነው አልኩት። እጁን ቶሎ አልለቅም። ደብተሬ፣ ለአንቺ ብቻ ነው የምጽፈው፤ ከመታመሙ በፊት እጁን መቼ እንደያዝኩት አላስታውስም።

አመሻሽ ላይ ሌንሳ ደወለች። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አለ፣ ርካሽም አይጠፋም፣ ብር እልካለሁ፣ እማዬ አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ አለች። አባቷ ስልኩን ተቀበለ። እንዲያ ሲስቅ ከሰማሁት ቆየሁ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ፀሐይ። ገበያ ወጣሁ፣ ብቻዬን። የሌ. አባት በር ላይ ቆሞ ጥሩውን ምረጪ አለኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ ዋጋውን ሲጠራልኝ ወጣሁ። ሁለተኛው ጋ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት የሚነክስ አለ። ቆም ብለው ሲለኩበት ነው የሚሠራው፣ ለሚራመድ ሰው አይሆንም። ሦስተኛው ባለሱቅ "አከም ቡልቴ፣ አዴ" ብሎ እንደ እናቱ ተቀበለኝ፤ ወንበር ሰጠኝ። የሱ የእጅ ሰዓት ርካሽ ነው። ካርቶኑን አገላብጬ አነበብኩ። ማንበብ የለመድኩት ሳሙናና ጨው ከሚጠቀለልበት ወረቀት ስለሆነ ካርቶን አያስፈራኝም። እጄ ላይ አሰረልኝ። ሰባ ስድስት። በጣቴ ቆጠርኩ። ሰማንያ ዘጠኝ። ጣትሽ ነው የተሳሳተው አለኝ።

ደጃፉ ላይ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ሰምታ ሳቀች።

"እስቲ ለሙዜ እሰርላት።"

ለጨዋታ ሙዙ ላይ አሰረላት። ሰባ አራት።

"ይኸው፣ ሙዜ ከባሌ ትሻላለች። እሷስ ልብ አላት።"

ባለሱቁም ሳቀ። ሌላ ዓይነት አወጣ። እሱም ለሙዝ ቆጠረ።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ደስ እያለኝ ነው የተመለስኩት። ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም።

የሙዙን ነገር ሳወራለት ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ሁሉም እንደዚያ ነው? አለኝ። ሁሉም አልኩት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ነገረኝ። እየተራመደ፣ ወደ ፊት እያየ። መቁጠሪያውን የፈለገው ቢላ ከተማ ለመሄድ ነው።

ቢላ፣ ግብርና ቢሮ ሲሠራ የተዋወቃት ሴት አለች። አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ያውቃል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስታርቀውን ነበር። እሱ ተውኩ አለ፣ እኔ እሺ አልኩ። ግን አልተወም። ልጅ እንኳ የላቸውም። ልጅ ቢኖር ለልጁ ብሎ ነው እል ነበር። ከታመመ ወዲህ አልሄደም። እዚያ የሚቆጥርለት የለማ።

እሷ አትቆጥርልህም? አልኩት። ድምፄ ደህና ነበር።

"እጇ ይንቀጠቀጣል" አለ።

 ስለ እሷ እጅ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

መሰንጠቂያው ጋ እጁን ሰጠኝ። ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ጠፋብኝ። መቶ ሁለት አልኩት። ዝም ብዬ ነው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ካፊያ፣ ያለ ወቅቱ። ጎረቤታችን መ/ር ገመቹ መጣ፣ ት/ቤት ስፖርት የሚያስተምረው። የሌ. አባት ተኝቷል። ጓሮ ቆመን አወራን። በደረት የሚታሰር ቀበቶ አለ አለኝ። ልብ አጠገብ ስለሆነ አይሳሳትም። ቁጥሩን ወደ እጅ ሰዓት ይልካል፣ ስልክ አይፈልግም። እሱ አዲስ ስላገኘ አሮጌውን በቅናሽ ይለቀዋል።

ሙዝ ላይ ቢታሰርስ? አልኩት።

"ሰረዝ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ አዴ። ለሙዝ አይሠራም።"

ላስብበት ብዬ ሸኘሁት።

ደብተሬ፣ አልነግረውም። እዚህ ይቀመጥ። እዚሁ ይራመድ፣ እዚሁ እጁን ይስጠኝ። አልነግረውም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ከጓሮ ስገባ በረንዳ ላይ ነው፣ ጎኑን ሰጥቶኛል። ሁለት ጣቱን አንጓው ላይ አድርጎ ሰዓቱን ያያል። ይጫናል፣ ያነሳል፣ ቦታ ይቀይራል። ከንፈሩ አንድ ብሎ ይጀምርና ይቆማል። ምንም እንደማይሰማው አውቃለሁ። እንደገና ጀመረ። አንገቱ እንዴት ቀጥኗል።

ልቁጠርልህ ማለት ነበረብኝ።  ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ከሚያስፈልገው በላይ።

እኔ ዘንድ ያለው መሄድ ስላቃተው ነው። ሌላ ምክንያት ፈለግኩ። አላገኘሁም።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ገዛሁት። ከሌንሳ ብር ተርፏል። ቀበቶው ትንሽ ላልቷል እንጂ ደህና ነው። በሩን ዘግቼ በራሴ ላይ ሞከርኩት። ቆሜ ሰባ ሁለት፣ ጓሮውን ዞሬ ዘጠና አምስት፣ በጣቴ ከቆጠርኩት ጋር አንድ ነው። የሚያለቅስ ሰው ልብ ስንት እንደሚደርስም አየሁ። አልጽፈውም።

ከኋላ የሚቆለፍ መስሎኝ ነበር፣ ለማሰር ሰው ያስፈልገዋል ብዬ። አይደለም። ከፊት ቆልፎ ያዞረዋል።

ሰጠሁት። ውስጡን በውሃ አርጥበው፣ ከጡትህ በታች እሰረው፣ አታጥብቀው አልኩት። አንዴ አሳየሁት። ሁለተኛውን ራሱ አሰረ። ቁጥሩ ሲመጣ ፊቱ ላይ ያየሁትን

ተይው፣ ደብተሬ።

"ሀዳ ሌንሳ፣ ሁሉም ውሸት ነው አላልሽም ነበር?" አለኝ። የሌንሳ እናት ብሎ ነው የሚጠራኝ።

ይኼን ያኔ አላየሁትም አልኩት። ነገ ቢላ እሄዳለሁ አለ፣ እሁድ እመለሳለሁ። መንገዱ ሰሞኑን ሰላም ነው ይላሉ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ሰማዩ ጠርቷል። ቀድሜው ተነሳሁ። አጃ ሠራሁለት፣ ያለ ስኳር። ቦርሳውን አዘጋጀሁ። ፎጣ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ፣ ጥቁሩ ሹራብ። ከዚያ ክኒኑ። የሁለት ቀኑን ለይቼ በወረቀት ጠቀለልኩ። ትንሽ አየሁት። ፈታሁት። ያለውን ሁሉ ከተትኩ፣ የሚቀጥለውን ወር ማዘዣም።

በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ወረድን። የቢላውን አውቶቡስ ረዳት፣ ልቡን ያመዋል፣ ፊት አስቀምጥልኝ አልኩት። አስቀመጠው። እኔም ቦርሳውን ይዤ ገባሁ። የሌ. አባት ውሃ ሊያወጣ ቦርሳውን ከፈተ። ክኒኑን በሙሉ አየ። ማዘዣውን አውጥቶ አነበበ።

"እሁድ እኮ እመለሳለሁ" አለኝ።

ማዘዣውን ከእጁ ተቀብዬ ወደ ቦርሳው መለስኩት። ውሃውን ሰጠሁት። ዚፑን ዘጋሁ። ሰው እየገባ ነበር፣ መተላለፊያው ላይ ቆሜ መንገድ ዘግቻለሁ። ወረድኩ።