በሮዌና ድንጋይ ላይ የሚቀረጸው ቃል

ሆልትቢ፣ ሊንከንሺር
ረቡዕ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1978

ለውድ ባለቤቴ ለዊኒፍሬድ፣

ብዕር ያነሣሁት በልጃችን በሮዌና መቃብር ላይ ለሚቆመው ድንጋይ ፊርማሽ ስለሚያስፈልግ ነው። የእንጨት መስቀሏ በስብሶ ባለፈው ሳምንት ነፋስ ጣለው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ሁለቱም ወላጆች ያልፈረሙበትን ጽሑፍ አይፈቅድም።

ከስሟ በታች፣ «ወላጆቿ» ከሚለው ቀጥሎ፣ አንድ ቅጽል ብቻ እንዲገባ ጠይቄአለሁ፤ «ቢሬፍት» የሚለውን። ዛሬ ተስፋና መጽናኛ ላጣ ሰው የሚነገር፣ በመጽሐፍ እንጂ በገበያ እምብዛም የማይሰማ ቃል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ምንጩ «ዘረፈ» የሚለው ግሥ ነው፤ በጉልበት የተቀማ፣ የተራቆተ ማለት ነው። ሰዎች እኛን ሐዘንተኞች የሚሉበትም የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ቢሪቭድ»፣ ከዚያው ግንድ የበቀለ ነው፤ ያ ግን በሐዘን ካርድ ላይ ሲታተም ኖሮ ዶልዱሟል።

ቄስ ፔንድልተን አልወደዱትም። «መምህር፣ ድንጋይ እኮ ለአላፊ አግዳሚው ተስፋ መስጠት አለበት። ‹በሰላም አረፈች› ቢባልስ?» አሉኝ።

«በሰላም ማረፏን ማን ነገረዎት?» አልኋቸው።

በሃያ ሦስት ዓመቷ ትንፋሽ አጥሯት ስትታገል አልጋዋ አጠገብ የነበርነው እኔና አንቺ ነን። ቄሱም በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ባለቤትዎ ከፈረሙ አልከለክልም» አሉ።

ከዚያ ወደ ድንጋይ ጠራቢው ወደ ክላይቭ ስተብሊ ሄድሁ፤ የቀድሞ ተማሪዬን ታስታውሺዋለሽ። «መጡ ደግሞ! ደብተሬን በቀይ ሲያቀልሙ ኖረው አሁን ድንጋዬን ሊያርሙ ነው?» ብሎ ሳቀ። ጽሑፉን ሲያነብ ግን ሳቁን ተወ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ «መምህር፣ ከታች ወደፊት አጠገቧ ለሚቀበሩ የስንት ስም ቦታ ልተው? ለእርስዎ ብቻ ነው ወይስ ለወይዘሮ ሃግዌይም?» አለኝ።

«ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልሁት።

«ታዲያ ቶሎ ነው፤ የእኔ ሥራ በላጲስ አይጠፋም» አለኝ።

ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ዊትቢ፣ እህትሽ ዘንድ ከሄድሽ ሁለት ክረምት አለፈ። የፖም ዛፍሽ ዘንድሮ እጅግ አፍርቷል፤ የሚለቅመው ስለሌለ ፍሬው ሣሩ ላይ ይበሰብሳል። ሐኪሙ ደረጃ እንዳልወጣ ስለከለከለኝ የምተኛው ምድር ቤት ነው፤ ፎቅ ላይ ያለውን የሮዌናን ክፍል መስኮት የሚከፍት የለም።

የምትፈርሚበትን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ቃሉን ካልወደድሽው ሰርዢው፤ የመሰለሽን ጻፊበት፤ አላርምም። አጥብቄ የምጠይቅሽ ስለ ቦታው ነው።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ የባሕሩ ብርድም አይክፋብሽ።

ባለቤትሽ፣
ኧርነስት ሃግዌይ

ክላይቭ መቅረጽ የሚጀምረው ዓርብ፣ ኦክቶበር 20 ቀን ነው። ስለዚህ የአንድ ስም ቦታ ይተው ወይስ የሁለት፣ እስከ ሐሙስ፣ ኦክቶበር 19 ቀን ድረስ በጽሑፍ መልሺልኝ።